አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት አባወራ

እ.ኤ.አ. በ1998 ሂታቺ ጃፓን ውስጥ ፍሎራ ፕሪየስ የተባለ የቤት ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበት ነበር። አንዱ በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 98 ሲሆን ሌላው በሙዚቃና በቪዲዮ ሥራ ፍጥነቱ የተወደሰው ቢኦኤስ ነው። ገዢው ማሽኑን ቤቱ ወስዶ ሲያበራው ግን የሚያየው ዊንዶውስን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ መኖሩን የሚናገር ምናሌ ግን የለም። ቢኦኤስን ማስነሳት የፈለገ ሰው የተደበቀውን ክፍል ራሱ ፈልፍሎ ማውጣት ነበረበት። እንዴት እንደሚያወጣው የሚያስረዳውን መመሪያ ያዘጋጀውም የቢኦኤስ ሠሪ ራሱ ነው።

ሁለት ምርጫ የሚያሳይ አንድ ገጽ መጨመር ለሂታቺ መሐንዲሶች ከባድ ሥራ አልነበረም። ቢ የተባለው የቢኦኤስ ሠሪ ኩባንያ እጃቸውን ያሰረው ውል ነው ብሎ ተከራከረ፤ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ለኮምፒውተር አምራቾች ሲሰጥ ማሽኑ ሲበራ የሚሆነውን እንዳይለውጡ ያስገድዳቸው ነበር አለ። የኩባንያው መሥራች ዣን ሉዊ ጋሴ ቀድሞ በአፕል ትልቅ ኃላፊ የነበረ ፈረንሳዊ ነው። ቢኦኤስን ለአምራቾች ያለ ክፍያ እስከ መስጠት ቢደርስም የሚያሳይለት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኩባንያው ንብረቱን ፓልም ለተባለው ድርጅት በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ፤ በ2002 ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት ገተረ፤ በ2003 ሁለቱ በ23.25 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ማይክሮሶፍት ገንዘቡን ሲከፍል ጥፋት መፈጸሙን አላመነም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ኮምፒውተር ከበራ በኋላ ላሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ያዘዘ የቀረውንም ያዛል። ዛሬ በቤቱ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ሊጭን የተነሳ ሰው ከሚገጥመው ጣጣ አብዛኛው ከዚያችው ቅጽበት የሚመጣ ነው።

የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ገና ዊንዶውስንም ሊኑክስንም አያውቅም። መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የጥንቱ ባዮስ፣ የዛሬው ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ የጥገና ባለሙያዎች ግን አሁንም ሁለቱንም ባዮስ ይሏቸዋል። እርሱ ማህደረ ትውስታውንና ዲስኩን ፈትሾ ሥራውን ለቡት ሎደር ያስረክባል። ቡት ሎደሩ ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ልብ አንስቶ ወደ ማህደረ ትውስታ ይጭናል። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀው ነው፦ አርማው ይታያል፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል።

በጥንቱ ሥርዓት ቡት ሎደሩ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ ቁራጭ ላይ ነበር። ስፋቱ 512 ባይት ነው። ከዚህ ውስጥ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ ይይዛል፤ ከአራት ዋና ክፍሎች በላይ የማይመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ማኅተም ናቸው። ለማስነሻው ኮድ የቀረው 446 ባይት ብቻ ነው። ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያ ቦታ 150 ፊደል እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ የሚቀመጠው አንድ ብቻ በመሆኑ አዲስ የተጫነ ሥርዓት ነባሩን ሳይጠይቅ ደምስሶ የራሱን ይጽፍ ነበር። ዊንዶውስ ሌላ ሥርዓት አለ ብሎ አያስብም፤ ሊኑክስ ግን ጎረቤቱን ፈልጎ በምናሌው ያስገባዋል። "ዊንዶውስን አስቀድም፣ ሊኑክስን አስከትል" የሚለው የባለሙያዎች ምክር የመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ሊሎ የተባለው ቡት ሎደር፣ በኋላም ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ግረብ ይህን ምናሌ የማሳየት ሥራ ያዙ። ግረብ እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

ዩኢኤፍአይ ጠቡን አበረደው፤ ጨርሶ ግን አላስቀረውም። አሁን ዲስኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ እያንዳንዱ ሥርዓት በውስጧ የራሱን ፎልደር ይይዛል። አንዱ የሌላውን መደምሰስ አያስፈልገውም። ማን ቀድሞ ይጠራ የሚለው ቅደም ተከተል ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ዊንዶውስም እንደገና ሲጫን፣ አንዳንዴም ትልቅ ዝማኔ ሲደረግለት፣ ስሙን ከሰልፉ ፊት ያሰፍራል። "ሊኑክሴ ጠፋ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው። አልጠፋም፤ ሁለተኛ ሆኗል። ባዮስ ገብቶ ሰልፉን ማስተካከል ይበቃል።

ሊኑክስ ራሱ የተወለደው አንድ ሥርዓት ብቻ በነበረበት ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 1991፣ 386 ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ገዛ። ከሱቅ የመጣው ከዶስ ጋር ነው፤ ሊነስም ዶሱን ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የተባለውን ጨዋታ ለመጫወት ይጠቀምበት ነበር። በሌላኛው ክፍል ላይ አንድሩ ታነንባም ለማስተማሪያ የሠራውን ሚኒክስ ጫነ፤ የራሱን ሥርዓት መጻፍ የጀመረውም በዚያ ላይ ሆኖ ነው። አንድ ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው በስልክ መስመር ሊገናኝ ሲል ለሞደሙ መሄድ የነበረበትን ትእዛዝ በስህተት ለሃርድ ዲስኩ ሰጠውና የሚኒክሱ ክፍል ተበላሸ። መልሶ ከመጫን ይልቅ የራሱ ሥርዓት ይበቃኛል አለ። ዛሬ ከአንድሮይድ ስልክ እስከ ባንክ ሰርቨር ያለው ሊኑክስ በዚያ ቀን ጎረቤቱን ተሰናብቶ ብቻውን ቆመ።

ሁለት ሥርዓት በአንድ ማሽን የመጫን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተማሪዎችና የኮምፒውተር ሱሰኞች ወሬ ነበር። ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው አንድ ቀን ነው፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.። በዚያ ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የሰጠው የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ዝማኔም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የፈለገ ደግሞ ማሽኑ መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ከኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ማነስ የለበትም፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ሱቅ አንዱ ይግባና መደርደሪያውን ይመልከት። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 አለ፤ 6ኛ ትውልድ ነው። ዴል ላቲቲዩድ 7480 አለ፤ 6ኛ ወይም 7ኛ። ቲንክፓድ ቲ470ም እንዲሁ። አካላቸው ጠንካራ፣ ኪቦርዳቸው ምቹ፣ ኤስኤስዲ ሲገባላቸው ፈጣን የሆኑ ማሽኖች ናቸው። በማይክሮሶፍት መዝገብ ግን ጊዜያቸው አልፏል።

ከእነዚህ አንዱ፣ ያ ኤሊትቡክ፣ ጀሞ አካባቢ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባለቤቱ በግል ድርጅት የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ በዚህ ባንክህን አትክፈት። ድጋፉ አልቋል አልኩህ እኮ።"

"እሺ፤ ያልሽውን አድርጊ። ፒችትሪዬን ብቻ እንዳትነኪብኝ።"

የአባትየው ስጋት ተራ አይደለም። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በሌላው ዓለም ስሙን ከቀየረ ቆይቷል፤ እዚህ ግን ስንት ቢሮ የዓመት መዝገቡን የሚዘጋው አሁንም በእርሱ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ነው። በአሮጌ እትሞቹ የተቀመጡ የደንበኞች መዝገቦችም ከእርሱ ውጭ በቀላሉ አይከፈቱም። መሐንዲሱ ስለ አውቶካድና ስለ ኢታብስ የሚለው ተመሳሳይ ነው። ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ዋይን የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለአንዳንዱ ፕሮግራም ይሠራል፣ ለሌላው ይሰናከላል። የሰው ደሞዝ በሚሰላበት ፕሮግራም ላይ ዕድል መሞከር አይመከርም።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢትዮጵያውያን የሶፍትዌር ሠሪዎች ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ መጻፊያዎችን አወጡ። በዚያን ጊዜ ለፊደላችን ዓለም አቀፍ የኮድ ቁጥር ስላልነበረ እነዚህ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ያማረ አማርኛ ነው። ፎንቱ በሌለበት ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። የኋላኞቹ የፓወር ግዕዝ እትሞችም የዩኒኮድ ፎንት ጨምረዋል። በአሮጌው ዘዴ የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና መመረቂያ ጽሑፎች ግን በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። እነርሱን ከፍቶ አርሞ የሚያትም ሰው ዊንዶውሱን ጨርሶ መጣል አይችልም።

በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚለው ወሬ ግን ከእውነት የራቀ ነው። አይበስ በተባለው የመጻፊያ ሥርዓት ውስጥ ሴራ የሚባለው ዘዴ አለ፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተሉ ሲጽፉ ግዕዙ ይወጣል። ኪማንም በሁለቱም ሥርዓት ይሠራል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነጻ የሚገኙ ናቸው። ሊብሬ ኦፊስ ምናሌው ራሱ በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ሊኑክስ በመሠረቱ ውስጥ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለግዕዝ ሳይቀር የቋንቋ መደብ ይዟል። በገበያ ትርፍ የሚመራ ድርጅት ለግዕዝ ቋንቋ ይህን ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም።

ስለዚህ በዚያ ሳሎን የተወሰነው ውሳኔ ተገቢ ነው። ዊንዶውስ 10 ለፒችትሪና ለአሮጌ ሰነዶች ብቻ ይቆያል፣ ኢንተርኔት ግን አይገባበትም። ኢሜይሉ፣ ባንኩ፣ ዩቲዩቡ ወደ ሊኑክስ ይሄዳል። ልጅቷ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውን ሊኑክስ ሚንት ነው። ገጽታው ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያደናግርም፤ የመጫኛ ፋይሉም 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ብትመርጥ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋባት ነበር። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኡቡንቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ፣ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በዓለም ዙሪያ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ያ ዘመን አልፏል።

ሥራው የሚጀምረው ግን በመጫን አይደለም። ልጅቷ መጀመሪያ የአባቷን ፎልደሮች በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጠች። የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) የሚነካ ሰው ሁሉ፣ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ ቢል እንኳ፣ ይህን ሳያደርግ ወደ ፊት ቢሄድ ጥፋቱ የራሱ ነው። ቀጥሎ የመጫኛውን ፋይል ሩፈስ በተባለ ትንሽ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፈችው። ይህ ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል።

ከዚያ ወደ ዊንዶውሱ ተመለሰች። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ "ሻት ዳውን" ማለት ሙሉ በሙሉ መጥፋት ላይሆን ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ዘዴ የሥርዓቱን ልብ በዲስኩ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል፤ በነጋታው ቶሎ እንዲነሳ። ማሽኑ የጠፋ ይመስላል፣ ዲስኩ ግን በዊንዶውስ እጅ እንዳለ ነው። ሊኑክስ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ዲስክ ሲያገኝ ፋይል እንዳያበላሽ ብሎ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የኃይል ማስተካከያዎች ገብቶ ከፋስት ስታርትአፕ ጎን ያለችውን ምልክት ማንሳት ይበቃል።

ሌላው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጀመር ምስጠራውን በራሱ ያበራል። የማስነሻው ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ ሌባ የገባ ስለሚመስለው ባለ 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን ላፕቶፑን የሱቅ ልጅ በራሱ ኢሜይል ከፍቶለት ከሆነ ሰውዬው ከራሱ ዶሴ ውጭ ቆሞ ይቀራል። የአባትየው ማሽን ይህ ችግር የለበትም። ልጅቷ ግን አይታ አረጋገጠች።

ቦታ መቀነሱ ላይ ትንሽ ተጨናነቁ። 256 ጊጋባይት ዲስክ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ከ20 ጊጋባይት በላይ አልለቅም አለ። ይህ የሚሆነው ቦታ ስለሌለ አይደለም። ለእንቅልፍ የሚያገለግለው ፋይል፣ የማህደረ ትውስታ መደገፊያው ፋይልና አሮጌ የመመለሻ ነጥቦች በዲስኩ መሃል ይቀመጣሉ፤ ከቦታቸውም አይነቃነቁም። እነርሱን ለጊዜው አጥፍታ ማሽኑን አስነስታ ስትሞክር ዊንዶውስ 90 ጊጋባይት ለቀቀ። በክፍፍሉ ሥራ ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ የዊንዶውስን ክፍል የሚቀንሰው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ይሁን።

"መብራት ቢጠፋስ?" አሉ አባት።

የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ችግር የለም። ዴስክቶፕ ቢሆን ኖሮ ያለ ዩፒኤስ መጀመር አይገባም። ፋይሎች ከዲስኩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ኃይል ከተቋረጠ፣ ከመንገድ የቀረውን መልሶ መሰብሰብ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙም ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድመው ይፈትሹ፤ አንዳንዱ ቻርጀር ሲነቀል አብሮ የሚሞት ነው።

ፍላሹ ተሰካ፣ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 9 ተጫነ። ኤችፒ ላይ የማስነሻ ምርጫ የሚከፍተው እርሱ ነው፤ ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 12። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ተነሳ። ይህ ሙከራ ሊዘለል አይገባም፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የአይጥ ሰሌዳው መሥራቱ የሚታወቀው አሁን፣ ምንም ሳይነካ ነው። መጫኛው ዲስክ አላየሁም የሚልባቸው ማሽኖችም አሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ባዮስ ውስጥ ዲስኩ ሬይድ በተባለው የኢንቴል አሠራር መቀመጡ ነው። ኤኤችሲአይ ወደተባለው አሠራር መለወጥ ይፈታዋል። ይሁንና ዊንዶውሱን ለለውጡ ሳያዘጋጁ ቢለውጡት እርሱ ደግሞ አልነሳም ይላል።

መጫኛው አንድ ትልቅ ጥያቄ ያቀርባል። አንደኛው ምርጫ ሚንትን ከዊንዶውስ ጎን ጫን ይላል። ሌላው ዲስኩን አጥፍተህ ጫን ይላል። ሦስተኛው ራስህ ከፋፍል ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት አንዲት ክብ ምልክት ናት። በዚህች ምልክት ስንት የሠርግ ፎቶ ጠፍቷል! ልጅቷ የመጀመሪያውን መርጣ የሚቀጥለውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ቀጥላ ለአባቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ገጹ ምን እንደሚደመሰስና ምን እንደሚፈጠር ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይዘረዝራል። የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ሲያልቅ ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ ጥቁር ገጽ ላይ ስሞች ተደረደሩ። ከላይ ሊኑክስ ሚንት፣ ከታች ዊንዶውስ። ሰከንዶች እየተቆጠሩ ነው፤ ካልመረጡ የላይኛው ይነሳል። አባት ቅር አላቸው፤ ሰኞ ጠዋት ቸኩለው ሲያበሩ የማያውቁት ነገር እንዳይመጣባቸው። ልጅቷ የግረብን ፋይል ከፍታ መጨረሻ የተመረጠው በሚቀጥለው ጊዜ እንዲነሳ አደረገችው። ሂታቺ ያጣት ምናሌ ይህች ናት።

በማግሥቱ አዲስ ችግር መጣ። ዊንዶውሱ ሲከፈት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሁለት ልማዶች ግጭት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ባትሪ የምትሠራ ሰዓት አለች። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ እርሷ የምትለውን የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ይወስዳል። ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ያስቀምጥባታል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ዊንዶውሱ ያን ያህል ይቀራል። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አምስት ሰዓት ይላል ማለት ነው። ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ ይህንኑ ቢሞክር እንደ ወቅቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቀርበታል፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይቀድምበታል።

መፍትሔው አንዱን ለሌላው ማስገዛት ነው። ሊኑክሱ ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ የአገር ውስጥ ሰዓት ያዝ ይባላል። የሊኑክስ ሊቃውንት ይህን አይወዱትም፤ ሰዓታቸውን በበጋና በክረምት በሚቀይሩ አገሮች ሁለቱም ሥርዓቶች አንዷን ሰዓት ሊያንቀሳቅሷት ስለሚችሉ ትምታታለች። አዲስ አበባ ግን ሰዓት ቀይራ ስለማታውቅ እዚህ ስጋቱ የለም። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ተቃራኒውን ያድርጉ፤ የዊንዶውስን ሬጅስትሪ አስተካክለው እርሱን ዓለም አቀፉን ሰዓት እንዲቀበል ያስገድዱት።

የፋይል ነገር ከዚህ ይቀላል። ሊኑክስ የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ክፍል ያነባል፣ ይጽፍበታልም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 5.15 እትም ወዲህ ይህ ችሎታ በልቡ ውስጥ ተካቷል። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፍል በራሱ አያነብም፤ አንዳንዴም "ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። የጋራ ሰነዶች በኤንቲኤፍኤስ ክፍል ቢቀመጡ ሁለቱም ይደርሱባቸዋል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላም ሰላሙ የሚናጋበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ወዲህ የተሸጡ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አላቸው። ማሽኑ ሲነሳ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ቡት ሎደር አያስገባም። በአብዛኛው ማሽን ላይ የሚታወቀው ፊርማ የማይክሮሶፍት ነው። ስለዚህ የሊኑክስ ድርጅቶች ሺም የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ሠርተው በማይክሮሶፍት ያስፈርማሉ፤ ሺም ደግሞ ግረብን ታስገባለች። ሊኑክስ በሌላው ሰው ፈቃድ በር ይገባል ማለት ነው።

በኦገስት 2024 ማይክሮሶፍት ለደህንነት አደገኛ የሆኑ አሮጌ ቡት ሎደሮችን የሚያግድ ዝማኔ ለቀቀ። ሁለት ሥርዓት ያለባቸውን ማሽኖች አይነካም ብሎ ነበር። ነካ። ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንድ ከባድ ስህተት ተፈጥሯል የሚል መልእክት አገኙና ማሽኑ ጠፋባቸው። ዝማኔው ሁለተኛ ሥርዓት መኖሩን የሚለይበት መንገድ የተለያየ አጫጫን ያላቸውን ማሽኖች አላወቀም ነበር። ለጊዜው የተገኘው መላ ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶ የእገዳውን መዝገብ ከሊኑክስ በኩል ማንሳት ነበር፤ ሙሉ መፍትሔው በሜይ 2025 መጣ። የደህንነቱ ምክንያት እውነተኛ ነበር፤ ግረብ ላይ የተገኘው ቀዳዳም የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ነገሩ ግን ከ1998 ወዲህ ምን ያህል እንዳልተለወጠ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሥልጣን በአንድ ኩባንያ እጅ እንዳለ ነው፤ ልዩነቱ ያኔ በውል ነበር፣ ዛሬ በፊርማ ነው።

አፕልም መንገዱን ከፍቶ ዘግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቡት ካምፕ በተባለ መሣሪያ ማክ ላይ ዊንዶውስ እንዲጫን ፈቀደ። በ2020 የራሱን ኤም 1 ቺፕ ሲያመጣ ቡት ካምፕ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ቀረ።

ይህን ሁሉ ጣጣ የማይሻ ሰው አማራጭ አለው። ዴስክቶፕ ያለው ሁለተኛ ዲስክ ጨምሮ እያንዳንዱን ሥርዓት ለብቻው ቢያስቀምጥ ከሁሉ ይሻላል፤ የአንዱ መበላሸት ሌላውን አይነካም፣ የማስነሻውም ምርጫ ከባዮስ ይደረጋል። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ዊንዶውሱን በሊኑክስ ውስጥ፣ እንደ ፕሮግራም፣ ማስኬድ ይችላል። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ይህን አይሞክረው። ጨዋታ ብቻ የሚጫወት፣ ወይም በአዲስ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ያለውና ደስተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሥርዓት አያስፈልገውም። ለፋሽን የሚጫን ነገር አይደለም።

አሮጌ ማሽን፣ የማይተው ፕሮግራምና የኢንተርኔት ባንክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ቤት ግን ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ይስጠው። ሲጨርሱም የተጫነበትን ፍላሽ አትደምስሱት፤ ባዮስ ውስጥ ሰልፉን ማስተካከል ያልበቃ ቀን ሊኑክሱን መልሶ የሚያነሳው እርሱ ነውና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። የቢትሎከር ቁልፍ ካላችሁ 48ቱንም አሃዝ በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱን ግን ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት።